ጣቴ ላይ የከረመው ስም

ሃግሴትራ፣ ስቶክሆልም
ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለአቶ ከፍያለው፤

«እንደምን ሰነበቱ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ወረቀት አበላሽቼ ይኸ ሦስተኛው ነው። ደህና ነኝ እንዳልልዎ ደህና አይደለሁም፤ ታምሜአለሁ እንዳልል የሚያመኝ ቦታ የለም። ደንግጫለሁ። ሰው በድንጋጤ ይሞታል ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ግን ከደነገጥኩ ወዲህ ዕቃ ሳጥብ ነው የሰነበትኩት፤ የልጅዎን ሳህን ንጹሑንም ቆሻሻውንም እያወጣሁ አጥባለሁ። ሶሲ «እማዬ፣ ማሽን አለ እኮ» ትለኛለች። ማሽኑ የኔን ያህል አልተናደደም አልኳት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልጨርስ፣ አለዚያ ሲያስቡ ያድራሉ። ሶሲ ደህና ናት። ኪስታ ወዳለው ቢሮዋ ጨለማ ሳለ ትወጣለች፣ ጨለማ ሲሆን ትገባለች፤ እዚህ አገር በኅዳር ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች። ልጇ ዝማሬ አድጋለች። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፣ የተግባባን መስሎን እንስቃለን። አንድ ቀን «አያቴ ለምን አልመጣም?» ብላለች፣ ሶሲ ናት የተረጎመችልኝ። ብርድ ስለሚፈራ ነው አልኳት። ያን ጊዜ የማውቀው ምክንያት እሱን ብቻ ነበር። የጓዳውን ጣሪያ ያስጠገኑ እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ዱቄቱ ከዚያ ሥር ነው ያለው።

ከዚህ በኋላ ያለው የቀለበቴ ነገር ነው። ተቀምጠው ያንብቡት።

በተክሊላችን ዕለት ያጠለቁልኝን ቀለበት ያውቁታል፤ ሁለት እጅ የተጨባበጠበት፣ ወፍራሙ። የእናቴ ነው ብለው ነበር የሰጡኝ። እናትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከማተባቸው በቀር አንገታቸውም ጣታቸውም ላይ ጌጥ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። ከየት አመጡት ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ሙሽራ ምን ትጠይቃለች!

እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ጣቴ አበጠ። ሶሲ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፣ ነርሷ ገና ስታየው «ይህ ዛሬውኑ መውለቅ አለበት» አለች። ከዚያው ጋምላ ስታን ወደሚሉት አሮጌው ከተማ ሄድን፤ መንገዱ ከጥበቱ የተነሣ ሁለት ወፍራም ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ወርቅ ሠሪዋ ሴት ናት፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ክንዷ ላይ የመርከብ መልሕቅ የተነቀሰች። ገና ሳያት ጣቴን ትቆርጠዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን በሳሙናና በክር እያባበለች እንደምንም አወለቀችልኝ። አርባ ዓመት ያልወጣ ቀለበት ሲወጣ ጣቴ የሌላ ሰው ጣት መሰለኝ።

አመስግነን ልንወጣ ስንል ሴትዮዋ በማጉያ መነጽሯ አገላብጣ አየችው፣ ጮኸች፣ ከጓሮ ሌላ ሰው ጠራች። ከዚያ ቀጭን መርፌ ነገር በሁለቱ እጆች መካከል አስገብታ ጠምዘዝ ስታደርገው ቀለበቴ ለሁለት ተከፈለ። እኔም ጮህኩ። «ሰበረችው! ሶሲ፣ ያባትሽን ቀለበት ሰበረችው!» አልኩ፤ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው በመስኮት አዩኝ።

«እማዬ ሉግን፣ ሉግን በይ» አለች ሶሲ፤ ተረጋጊ ማለቷ ነው። «አልተሰበረም፤ ሲሠራም እንደዚህ ነው።»

እውነትም አልተሰበረም። ሁለት ቀለበት ነው፣ እንደ ሰንሰለት አንዱ ባንዱ ውስጥ ያለፈ። ሲገጥም አንድ ይመስላል፤ ሲከፈት እጆቹ ይላቀቁና ከመዳፋቸው ውስጥ ትንሽ ልብ ብቅ ትላለች። ወርቅ ሠሪዋ እንዳለችው በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን ለሠርግ የሚሠራ ነው፤ ባልና ሚስት ብቻ እንዲያውቁት ጽሑፉን ሁለቱ በሚገጥሙበት በውስጥ በኩል ይደብቁታል። ባንደኛው ላይ በጥንት ስዊድንኛ «እግዚአብሔር ያጣመረውን» ይላል፣ በሌላው ላይ «ሰው አይለየው»። ሶሲ ስትተረጉምልኝ ደስ ብሎኝ አማተብኩ። ለካ አርባ ዓመት ወንጌል ጣቴ ላይ ይዤ ስዞር ኖሬአለሁ!

ከዚያ ሴትዮዋ ከቃሉ ሥር ያለውን ጭረት አሳየችን። ይህኛው የኛ ጽሑፍ አይደለም፣ ኋላ የተጨመረ ጌጥ ይመስለኛል አለች። ሶሲ ጎንበስ ብላ አየችና «እማዬ፣ አማርኛ ነው!» አለች።

ባንደኛው ኃይለ ጊዮርጊስ። በሌላው ወለተ ሥላሴ።

«እነማን ናቸው?» አለችኝ ልጄ። የእናቷን የክርስትና ስም አታውቅም። ከየት ታውቃለች? መተተኛ እጅ እንዳይገባ ብለን ከገዛ ልጃችን የምንደብቀው ስም ነው። እኔ መቀመጫ ፈለግሁ።

ወለተ ሥላሴ እኔ ነኝ። እርስዎ ግን ኃይለ ጊዮርጊስ አይደሉም። እርስዎ ገብረ ማርያም ነዎት። ቄሱ «ገብረ ማርያምና ወለተ ሥላሴ» ብለው አክሊሉን ሲደፉልን፣ ዘመድ ሁሉ እልል ሲል፣ ጣቴ ላይ የሌላ ወንድ ስም ተቀምጧል! የተጠመቅሁበት ስም ከሌላ ሰው ስም ጋር ታስሮ አስቀድሼበታለሁ፣ ቆርቤበታለሁ፣ ልጅ አሳድጌበታለሁ። ተክሊሌ ከማን ጋር ነው? ቄስ ልጠይቅ ብል ምን ብዬ እጀምራለሁ? የሚሉኝንም እፈራለሁ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ማን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ጓደኛዎ ወንድይራድ ነው።

እርስዎና እሱ ለትምህርት ወደዚህ አገር ልትሄዱ ባላችሁበት ሰሞን፣ ጉለሌ ቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ጥግ ላይ ስሙን ነገረኝ፣ ስሜን ነገርኩት። ልጆች ነን፤ ቀለበት የለን፣ ሌላ የምንሰጣጠው ነገር የለን። «በዚህ ስም በጸሎትሽ አስቢኝ» አለኝ። አሰብኩት። በኋላ እርስዎ ብቻዎን ተመለሱ። «ወንድይራድስ?» ስልዎ «ፈረንጅ አግብቶ ቀረ፤ አትጠብቂው» አሉኝ። አለቀስኩ። ሊያጽናኑኝ ይመላለሱ ጀመር፣ ከዚያ ሽማግሌ ላኩ። እሺ አልኩ። ወድጄ ነው እሺ ያልኩት፤ ዛሬ ተናድጄ ስለሆነ ብቻ አልዋሽም።

ወርቅ ሠሪዋ ውሃ ሰጠችኝ። ለካ ስሙ ከአፌ አምልጦኝ ኖሯል፤ ሶሲ ዞር ብላ «የሜርስታውን ጋሽ ወንድይራድን ነው?» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ሜርስታ የሚኖረውን። ቤተ ክርስቲያን እናገኘዋለን እኮ። ሁልጊዜ ስለ አባዬ ይጠይቀኛል።»

«አባትሽ ይህን ያውቃል?»

«ያውቃል። መጀመሪያ እንዳገኘነው በስልክ ነግሬዋለሁ። ‹ለእናትሽ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺ ዝም በይ› አለኝ። አልነገረሽም እንዴ?»

አልነገሩኝም። ማታ ማታ የእድሩን ወሬ፣ የጎረቤቱን ውሻ ወሬ፣ የሬዲዮኑን ወሬ ሁሉ ሲነግሩኝ ይህችን ረሷት።

በማግሥቱ ሜርስታ ሄድን። ሶሲ ቀድሜ ልደውልለት ብላ ነበር፤ እንዳትደውዪ አልኳት። ባቡር ላይ ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ ስድብ ሳጠና ሄድኩ፤ ለሱም ለፈረንጇም። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ጉንቦር ናት፤ ጉንጯ የቀላ፣ እጇ ዱቄት የነካው፣ ሳቂታ ሴትዮ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ይግቡ» አለችኝ በአማርኛ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

ወንድይራድ ራሰ በራ ሆኗል፣ ጆሮው ላይ የመስሚያ መሣሪያ አድርጓል። መተላለፊያው ላይ ቆሞ አየኝ፣ አየኝና «ብርቄ?» አለ።

ሰላምታም አልሰጠሁት። የተከፈተውን ቀለበት በመዳፌ ይዤ «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

ሲያየው እዚያው ጫማ ማውለቂያው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። «ከየት አገኘሽው?»

«አርባ ዓመት ጣቴ ላይ ነበር። ከፍያለው ነው ያጠለቀልኝ።»

«አደረሰው እንዴ!» አለ። እየሳቀ እንባው ወረደ። «ጉንቦር፣ አደራዬን አደረሰው እኮ!»

እሷ ምን ይገባታል፣ ትከሻውን ይዛ ቆመች።

እሱ እንደነገረኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለበቱን የገዛው እዚሁ ከተማ፣ ከአሮጌ ዕቃ መደብር ነው። ጽሑፉ የሚደበቅ መሆኑን ሲያይ፣ ለሰው የማይነገረውን ስማችንን ለማስቀመጥ የተሠራ መሰለው። ፊደሉን በወረቀት ስሎ ለቀራጩ ሰጠው፣ ቀራጩም እያየ ገለበጠው። ትምህርቱ ሲራዘምበት እርስዎ ቀድመው ይመለሱ ነበርና በእርስዎ እጅ ላከልኝ።

«ለቤተሰቧ ሽማግሌ ላክልኝ፣ ቀለበቱን ስጥልኝ፣ ስመለስ ሠርግ ነው አልኩት» አለኝ። «ከዚያ ‹እምቢ አለች፣ ቀለበቱንም ወንዝ ወረወረችው› ብሎ ላከብኝ። ምን ልመለስ? ቀረሁ።»

«ፈረንጅ አግብተህ ነው የቀረኸው!»

«ጉንቦርን ያገኘኋት እናንተ ልጅ ወልዳችኋል ከተባለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ግን ተክሊል ፈጽማችኋል፣ ምን ልል ነው? ‹ሰው አይለየው› የሚለውን እኔው ገዝቼ የላክሁት አይደለም?»

ያን ጊዜ እኔ ምን እንዳልኩ ልንገርዎ። እኔ ሞኟ ጠበቃ ሆንኩልዎ። «እሱ እኮ እንደሚከፈት አያውቅም» አልኩት። «ስማችን ውስጡ መኖሩን ቢያውቅ ኖሮ አያጠልቅልኝም ነበር።»

ወንድይራድ ራሱን ነቀነቀ። «ያውቃል፣ ብርቄ። ላንቺ በደንብ እንዲያሳይልኝ እኔው ነኝ ያስጠናሁት። እስኪለምደው ድረስ ስንት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶታል። ስሞቹንም አንብቦልኛል።»

ከፍያለው! ወንድይራድን አንተ ስለው ምላሴ አልተያዘም። ላንተ ግን አርባ ዓመት አንቱ ስል ኖርኩ። ከዚህ መስመር ወዲያ አንተ ነህ። ከተቀየምክ ተቀየም።

ታውቅ ነበር! ፒያሳ አንድ ወርቅ ሠሪ በሞረድ ሁለት ጊዜ ቢፍቀው ይጠፋ ነበር። ሸጠህ ሌላ ብትገዛልኝ ማን ይጠይቅሃል? አንተ ግን እንዳለ፣ ከነስሙ፣ ቄስ ፊት አጠለቅህልኝ። ከዚያ ወርቅ ቤት አታስነኪው ብለህ ከለከልከኝ። በየዓመቱ የጥምቀት ዋዜማ በአመድና በሎሚ የምታጥብልኝ አንተ ነበርክ፣ ከጣቴ ሳታወልቅ፣ ጎንበስ ብለህ። ጎረቤቶቼ «ባል ማለት እንዲህ ነው» እያሉ ይቀኑብኝ ነበር፣ ልቤም ይኮራ ነበር። ያን ጊዜ በሆድህ ምን ትል ነበር? እኔን ነበር የምታጥበው ወይስ እሱን ይቅርታ ትጠይቅ ነበር?

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። ሳህን እያጠብኩ የማስበው ይህንኑ ነው። ቃሉን በላህ፣ ዕቃውን አደረስክ። የላከህን ሰው ዋሸኸው፣ የተላከላትን ሴት ወሰድካት፣ ቀለበቱን ግን ከተላከበት ጣት ላይ አኖርከው። አደራ በላ ብዬ ልረግምህ አፌን እከፍታለሁ፤ ወዲያው ደግሞ፣ በላተኛ ከሆነ ይህን ለምን ተወው እላለሁ። ሶሲን ስጠይቃት «ያለፈ ነገር ነው፣ አባዬን አታስጨንቂው» አለችኝ። ለሷ ያለፈ ነው። ለኔ ከሰኞ ወዲህ የሆነ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ሌላው እየገባኝ መጣ። ወደዚህ አልሄድም ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ሂጂ፣ ልጅሽን እይ ብለህ ያስጨነቅኸኝ አንተ ነህ። ቦሌ ስንሰነባበት ጣቴን ይዘህ ቆየህና «ከጠበበሽ እዚያ ጥሩ ወርቅ ሠሪዎች አሉ፣ አሳይያቸው» አልከኝ። አርባ ዓመት ወርቅ ቤት አታስነኪ ያለኝ ሰው! ሽማግሌው ጃጀ ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ። ለካ እየላክኸኝ ነው። መናገር ቢያቅትህ የገዛ ጉድህን በገዛ ጣቴ አስይዘህ፣ ቀለበቱ ወደተገዛበት ከተማ፣ ወደሚያውቀው ሰው ላክኸኝ። ወንድይራድ አንተን ላከ፣ አንተ ደግሞ እኔን። የሁለታችሁ ተላላኪ ሆኜ ቀረሁ!

ከሁሉ ያቃጠለኝ ይኸ ነው። ሶሲን ባረገዝኩ ጊዜ ብትነግረኝ እጮህ ነበር፣ እናቴ ቤት እሄድ ነበር፣ ሽማግሌ ትልክብኝ ነበር፣ እመለስ ነበር። ሲያመኝ ብትነግረኝ፣ ሲያምህ ብትነግረኝ፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን መብራት ሲጠፋ ብትነግረኝ። እንግዳ ሰው በር ላይ ቆሜ፣ ካፖርት ለብሼ፣ ልጄ እያየችኝ ሰማሁት። የማላውቀውን ሰው እንዳገባሁ ያህል ደነገጥኩ።

ቀለበቱን ለወንድይራድ ልመልስለት ዘረጋሁለት። እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። «እኔ የላክሁት ላንቺ ነው» አለኝ። ሲሸኘኝ ደግሞ «ከፌ ደህና ነው? ስኳሩ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሰላም በይልኝ ብሏል። ይኸው መልእክቱን ሳልሸራርፍ አድርሻለሁ። እንዲህ ነው የሰው ቃል የሚደርሰው።

የስኳር መድኃኒትህን አታቋርጥ። ከምግብ በፊት ነው የሚዋጠው፣ ከምግብ በኋላ አይደለም፤ እኔ ከሌለሁ ማን እንደሚያስታውስህ እንጃ። ይህን የምጽፈው ልቤ ራርቶልህ እንዳይመስልህ። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ምግብ አልበላም ብትል ደግሞ የባሰ እናደዳለሁ።

ቀለበቱ ሶሲ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ዝማሬ ትንሿን ልብ በጣቷ እየነካካች ትጫወትበታለች። ወርቅ ሠሪዋ አዘጋጉን አሳይታኛለች፤ እኔ ግን አልዘጋሁትም። የጣቴ እብጠት ጎድሏል፣ ቦታው ነጥቶ ቀርቷል፣ ሳላስበው በአውራ ጣቴ ላዞረው እሞክራለሁ፤ የለም።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የቀረውን ሁሉ ብትፈልግ ተወው። ያን ቀለበት ስታጠልቅልኝ ባሌ ሆነህ ነው ወይስ የጓደኛህ መልእክተኛ? መልሱን በደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ። በሶሲም ስልክ እንዳትነግረኝ። ፊትህን እያየሁ እፈልገዋለሁ፤ የምትዋሽ ከሆነ ጆሮህ እንደሚቀላ አውቃለሁ፣ ይህን እንኳ ከሠላሳ ዓመት በፊት ደርሼበታለሁ።

እስከዚያ እግዚአብሔር በሕይወት ያቆይህ። ቀን ከሌት የምለምነው ይህንኑ ነው፤ ሳትነግረኝ እንዳትሞትብኝ።

ታኅሣሥ ሃያ ቀን ጠዋት ቦሌ እደርሳለሁ። የእህትህን ልጅ ደምመላሽን በመኪና እልካለሁ ብለህ ለሶሲ ነግረሃታል አሉ። ተወው። በታክሲም ቢሆን፣ ከዘራህን ይዘህም ቢሆን፣ ራስህ ና። ሰው እንዳትልክ።

ብርቅአየሁ